የይፋግ ኑግ እና የብራዚል ለውዝ

(የመግቢያ ዜማ)

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ኑግ ነው። ነገሩን የምጀምረው ግን ከሩቅ አገር ነው።

ከውጭ ከሚገቡት የጠጉር ማለስለሻዎችና የገላ ቅባቶች በአንዳንዶቹ ዕቃ ላይ የብራዚል ለውዝ ዘይት እንዳለባቸው ተጽፏል። ዋጋቸው ቀላል አይደለም። ያንን ገዝታ የምትቀባ እህታችን በእናቷ ጓዳ፣ በቅል ወይም በከረጢት ተቋጥሮ ያለው ጥቁር ኑግ ለቆዳ ጤና በሚፈለገው ዋና ነገር ከብራዚሉ እንደሚበልጥ የነገራት የለም። ዛሬ እኔ እነግራታለሁ፤ ምክንያቱንም ጭምር።

አስቀድመን ብራዚል ለውዝ ምን እንደሆነ እንወቅ። በደቡብ አሜሪካ፣ በአማዞን ደን ውስጥ የሚበቅል ግዙፍ ዛፍ አለ፤ ቁመቱ እስከ 50 ሜትር ይደርሳል። የሚያፈራው ድቡልቡል ነገር ቅርፊቱ እንደ እንጨት የጠነከረ ነው፤ ክብደቱ 2 ኪሎ ሊሆን ይችላል። ሲፈለጥ ከ10 እስከ 25 የሚደርሱ ባለ ሦስት ማዕዘን ፍሬዎች ይወጣሉ። ዛፉ ላይ የሚወጣ የለም፤ ለቃሚዎች ከላይ እስኪወድቅ ጠብቀው በዝናቡ ወራት ከመሬት ይሰበስባሉ። ከዚያ ከፍታ የወደቀ ሰውን ሊገድል ስለሚችል ነፋስ ባለበት ቀን ደኑ ውስጥ መግባት ያስፈራል። ዛሬ በብዛት ወደ ውጭ የምትልከው ቦሊቪያ ናት፤ ብራዚልና ፔሩም ይከተላሉ።

ፍሬው ሁለት ሦስተኛው ቅባት ነው። በጥሬው ይበላል፣ ተቆልቶ ይበላል፣ ከቸኮሌትና ከኬክ ይገባል። ዘይቱ ደግሞ ለሳሙና፣ ለሻምፖና ለጠጉር ቅባት ይውላል። ከሁሉ በላይ ስሙን ያስጠራው ግን ሴሊኒየም የሚባል ማዕድን ነው። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 55 ማይክሮግራም ነው፤ አንዲት የብራዚል ለውዝ ብቻዋን ከዚያ በላይ ልትይዝ ትችላለች። ስለዚህ በእፍኝ እየዘገኑ በየቀኑ መብላት አይመከርም። ሴሊኒየም ሲበዛ ጠጉር ያረግፋል፣ ጥፍር ይሰባብራል። ለጠጉሬ ብላ የበላችው ሴት ጠጉሯን ልታጣበት ትችላለች ማለት ነው።

ያ ሴሊኒየም ከአፈሩ ነው የሚመጣው። ከአንዱ ደን የተለቀመ ፍሬ ከሌላው ብዙ እጥፍ ሊለያይ ይችላል። ይህ እኛንም ይመለከታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዳውድ ጋሹና የሙያ ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 2021 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በትግራይ የሚመረት እህል በሴሊኒየም ይዘቱ ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይተዋል። አንዱ ገበሬ ያመረተው ጤፍና ሌላው ያመረተው፣ ዓይን ሳይለያቸው፣ ለሰውነት የሚሰጡት ይለያያል።

እንግዲህ ወደ ኑጋችን፣ ወደ ይፋግ እንሻገር።

(አጭር መሸጋገሪያ ዜማ)

ይፋግ የጥንት ገበያ ናት። ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጎጃም በሚያልፈው መንገድ ላይ ስለሆነች ነጋዴ አይለያትም ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ያለፉ የውጭ ተጓዦችም ስለ ገበያዋ ጽፈዋል። ከበታቿ እስከ ጣና ድረስ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ዋልካ አፈር ነው። ክረምት ውኃ ይተኛበታል። ብዙው ሰብል እግሩ ውኃ ውስጥ ሲሆን ቢጫ ይሆናል፣ ይቀጭጫል። ኑግ ግን ይችለዋል፤ በሥሩና በግንዱ ውስጥ አየር የሚያስተላልፍ ክፍተት ስለሚያበጅ ውኃ የጠጣ መሬት ላይ ቆሞ ያድጋል። ሩዝ ወደ ፎገራ ከገባ ወዲህ ረባዳውን ቦታ ሩዝ ወርሶታል፤ ኑግ ግን ዛሬም በየዳርቻው፣ ሩዝ በማይደርስበት ማሳ አለ።

ኑግ የዚህ አገር ልጅ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ተነሥቶ ወደ ሕንድ የተሻገረ፣ እዚያም እስከ ዛሬ የሚዘራ ሰብል ነው። ከሱፍ ጋር፣ ከአደይ አበባ ጋር አንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ናቸው። በሰኔና በሐምሌ ይዘራል፤ አደይ ስትረግፍ እሱ ቢጫውን ይዘረጋል፣ ጥቅምትን አድምቆ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። የእርሻ ተመራማሪዎች ከገበሬው ማሳ መርጠው ካወጧቸው ዝርያዎች ሁለቱ ፎገራ አንድ እና እስቴ አንድ ይባላሉ፤ የጎረቤቶቻችንን ስም የያዙ ናቸው። በአዲስ አበባ ባለው የብዝኃ ሕይወት ተቋም የዘር ባንክም ከየአውራጃው የተሰበሰበ የኑግ ዘር ተቀምጧል። ምርቱ በሄክታር ከ10 ኩንታል ብዙም አይዘል፤ ገበሬው ግን ከኑግ በኋላ ጤፍ ወይም በቆሎ ሲዘራ አረሙ እንደሚቀልለት ያውቃል፣ ማሳውንም ለዚያ ሲል ያፈራርቀዋል።

አሁን የቅባቱን ነገር ላስረዳ። የኑግ ፍሬ ክብደት 40 ከመቶ ገደማው ዘይት ነው፣ 20 ከመቶ ገደማው ደግሞ ፕሮቲን። ከዚያ ዘይት ውስጥ፣ በኢትዮጵያ ኑግ፣ 70 ከመቶ የሚያህለው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል ቅባት ነው። በብራዚል ለውዝ ዘይት ውስጥ ይኸው አሲድ 40 ከመቶ ገደማ ነው።

ይህ አሲድ ምን ይሠራል? በፈረንጆቹ 1929 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ በርና ሚልድረድ በር የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ቅባት ፈጽሞ የሌለበት ምግብ ለአይጦች ሰጡ። አይጦቹ ማደግ አቆሙ፤ ቆዳቸው ተቀረፈፈ፣ ጭራቸው ቅርፊት አወጣ፣ ጠጉራቸው ረገፈ። በዓመቱ ሊኖሌይክ አሲድ ጥቂት ጠብታ ሲሰጧቸው ዳኑ። የሰውነት ቆዳ ውኃውን ይዞ እንዲቆይ ከላይ የሚሸፍነው ስስ የቅባት ሽፋን አለ፤ ለዚያ ሽፋን ሥራ ሊኖሌይክ አሲድ የግድ ነው። ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው አይችልም። ወይ ከውጭ እናስገባዋለን፣ ወይ እናጣዋለን። ስለዚህ የኑግ ጭብጦ የበላ ልጅና የኑግ ዘይት የተቀባች እናት የሚያገኙት አንዱን ነገር ነው፤ አንዱ በሆዱ፣ ሌላዋ በቆዳዋ።

እናቶቻችን ይህን በስሙ ባያውቁትም በሥራ ያውቁት ነበር። በረጅሙ ዐቢይ ጾም፣ በ55ቱ ቀን ቅቤና ወተት ሲቀር፣ ምሰሶው ኑግ ነው። ኑጉ ተለቅሞ፣ በብረት ምጣድ ሳይከስል ይታመሳል፤ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ከተቆላ ገብስ ወይም ከሽምብራ ዱቄት ጋር ጨው ተጨምሮበት በእጅ ይጨበጣል። ይህ ጭብጦ ነው። ከብት ጠባቂ ልጅ በአኮፋዳው ይዞት ይውላል፤ ዘይቱ ስለሚያጠግበው እስከ ማታ ምግብ አይጠይቅም። ልትልትም ከተወቀጠ ኑግና ከተቆላ እህል የሚዘጋጅ ነው። ወጥ ውስጥ፣ ከተከካ ጥራጥሬ ጋር፣ ኑግ ተወቅጦ ሲገባ ወጡ ይወፍራል፣ ይጣፍጣል። ፍትፍት ሲሆን ደግሞ በውኃ ተበጥብጦ ይጣራል፤ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ይጨመርበታል፤ እንጀራው ይፈተፈትበታል። ቀለሙ ያመድ መልክ ስላለው ከሱፍ ፍትፍት ጋር ሲቀርብ ሰው ዓይኑን ወደ ሱፉ ይጥላል። ዓይን እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ ምላስ ይፍረድ።

አባቶች «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» ይላሉ። ተረቱ ሰሊጥን አክብሮ ኑግን ዝቅ ያደርጋል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ በቆዳ ጥቅሙ ብንመዝነው መከበር የሚገባው ኑግ ነው።

ድሮ ዘይቱ የሚወጣው በቤት ነበር። ኑጉ ይሞቅና ይፈጫል፤ በፈላ ውኃ ይለወሳል፤ በእንስራ ተደርጎ በለሰለሰ መሬት ላይ ለረጅም ሰዓት ይናጣል፤ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ይቀዳል። ከዚያ በኋላ መጭመቂያ ማሽን በየከተማው ገባ። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የተመረቀው ፊቤላ ፋብሪካ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም እንዲኖረው ሆኖ ተሠራ። ያን የሚያህል ማሽን የሚያጠግብ ኑግና አኩሪ አተር ግን ከማሳ ገና አልተገኘም። በከተማ ያለን ሰዎች ለዓመታት በብዛት የበላነው ከውጭ የመጣ የፓልም ዘይት ነው፤ በውስጡ ሊኖሌይክ አሲዱ 10 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው።

(አጭር መሸጋገሪያ ዜማ)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እገባለሁ፤ እባካችሁ ይህን በጥሞና ስሙኝ። ኑግን ጠቃሚ ያደረገው ያው ሊኖሌይክ አሲድ ቶሎ እንዲበላሽም ያደርገዋል። ይህ ቅባት አየርን ይወዳል። አየር፣ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ይለወጣል፤ ጠረኑ የቀለም ጠረን ይመስላል፣ በጠርሙሱ አንገት ላይ የሚያጣብቅ ነገር ይይዛል። በእርግጥም የኑግ ዘይት ሲደርቅ ልባስ ስለሚሠራ በሌላ አገር ለቀለም ሥራ ይገባል። እንዲህ የሆነ ዘይት ለወጥም ለጠጉርም አይሆንም። ቆዳን ያስቆጣል እንጂ አያለሰልስም።

ስለዚህ ኑግን ሳትፈጩት፣ በሙሉ ፍሬው አስቀምጡት። ጥቁሩ ቅርፊት ዘይቱን ከአየር ይጠብቅለታል። በደንብ የደረቀ ኑግ ከሳምንታት ብዙ አልፎ ሳይበላሽ ይቆያል፤ ተወቅጦ ያደረ ግን በቀናት ውስጥ ጣዕሙ ይለወጣል። ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ውቀጡ። ዘይት ካስጨመቃችሁ ጠቆር ያለ ጠርሙስ አፍ እስኪደርስ ሙሉትና ክደኑት፤ መስኮት ላይ አታስቀምጡት፣ ከምድጃ አጠገብም አታኑሩት። በውኃ ሳይታጠብ የቆየ አሮጌ ጠርሙስ ውስጥ አዲሱን አትጨምሩ፤ የቀድሞው ቅሪት አዲሱን ያበላሸዋል። ለጥብስ የተጠቀማችሁበትን ዘይት ደግማችሁ ደጋግማችሁ አታፍሉ። የኑግ ዘይት ለወጥ፣ ለፍትፍት፣ ለሰላጣ ነው የሚያምርበት።

ይህን ድካም ለማቅለል የሚጥሩ ሳይንቲስቶች አሉ። ዶክተር ሙላቱ ገለታ በስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ የኑግ ዘሮችን መርምረው፣ ከሊኖሌይክ ይልቅ በወይራ ዘይት ውስጥ የሚበዛውን ኦሌይክ አሲድ የያዙ ተክሎች እንዳሉ አግኝተዋል። እንዲህ ያለው ኑግ ሙቀት ይችላል፣ ረዘም ያለ ጊዜም ይቆያል። ለቆዳ የሚፈለገው ግን የነባሩ፣ የእናቶቻችን ኑግ ነው።

ሁለተኛው ጠላት እርጥበት ነው። እዚህ ላይ ብራዚል ለውዝና ኑግ አንድ ችግር ይጋራሉ። ደኑ ውስጥ በዝናብ የተለቀመ ለውዝ ሳይደርቅ ሲከማች የሚበቅልበት ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ ጉበትን የሚጎዳ፣ ለካንሰርም የሚዳርግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ 2003 ከብራዚል ከነቅርፊቱ በሚገባው ለውዝ ላይ ጥብቅ ቁጥጥር የጣለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቁጥጥሩም ያን የንግድ መስመር በጣም አዳከመው።

በእኛ ዘንድ ችግሩ የሚገለጠው በፋጉሎ ነው። ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ለላም መኖ ይሆናል፤ መርዙም በመኖው በኩል ወደ ወተቱ ይገባል። በፎገራ ላሞች ወተት ለሚተዳደሩ ወገኖች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዳዊት ግዛቸውና ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 2016 ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ከ9ኙ በቀር ሁሉም የአውሮፓ ኅብረት ከሚፈቅደው በላይ አፍላቶክሲን ነበረባቸው፤ ከመኖዎቹ ሁሉ ብዙ መርዝ የተገኘበትም የኑግ ፋጉሎ ነበር። ጥናቱ የአዲስ አበባን ዙሪያ ነው የሚመለከተው፤ ፋጉሎው ግን ከየትም ይምጣ፣ አሠራሩ አንድ ነው፤ እርጥብ ሆኖ ከተከመረ ይሻግታል። የሻገተ፣ የሞቀ፣ የተያያዘ ፋጉሎ ለላማችሁ አታብሉ። ማሽን ቤት ያላችሁ ወንድሞቼ ፋጉሎውን ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ፣ አየር በሚያገኝበት፣ ከዝናብ ጠብቃችሁ አኑሩት። ገበሬዎችም ኑጉን ሳይደርቅ አትውቁ፤ ነዶው በታኅሣሥ ፀሐይ በቂ ቀን ይስጠው።

(አጭር መሸጋገሪያ ዜማ)

ለቆዳና ለጠጉር አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የጠጉር ሥራ የምትሠሩ እህቶች ይህን ልትሞክሩት ትችላላችሁ፦ ጠጉሩ ታጥቦ ገና እርጥብ ሳለ ጥቂት የኑግ ዘይት በመዳፍ አሙቃችሁ ከመሐል ወደ ጫፍ ብቻ ቀቡ። የራስ ቆዳ ላይ አታብዙ። ቅቤ ለቆዳው ከባድ ሆኖ የጎዳው ሰው የኑጉ ሊስማማው ይችላል፤ ቀለል ይላል፣ አይረጋም፣ አይጠጥርም። ገላ ላይ ደግሞ ከመታጠብ በኋላ ወዲያው፣ ውኃው ከቆዳ ሳይሸሽ መቀባት ነው። በመጀመሪያ ግን በክርን ውስጠኛ ቆዳ ላይ ትንሽ ቀቡና እስከ ማግስቱ ተመልከቱ፤ ከቀላ ወይም ካሳከከ ለእናንተ አይደለም። ለጨቅላ ሕፃን አፍንጫና ዓይን አጠገብ ምንም ዘይት አታቅርቡ፤ ቁስል ላይም አትቀቡ። ቋቁቻ ወይም ጭርት ካለባችሁ የጤና ባለሙያ ይመልከተው፤ ዘይት መድኃኒት አይሆንም።

ሳሙናም ይሠራበታል። ከኑግ ብቻ የተሠራ ሳሙና ግን ልል ነው፣ ቶሎ ይሟሟል፤ ስለዚህ ከጠጣር ቅባት፣ ለምሳሌ ከሞራ ጋር ይቀላቀላል። ሥራውን ከሚያውቅ ተማሩት እንጂ ከሬዲዮ ሰምቼ ልሞክር አትበሉ። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ልኩ በሚዛን ነው፣ በግምት አይደለም። ሁልጊዜ ሶዳውን ወደ ውኃው ጨምሩ፣ ውኃውን ወደ ሶዳው አትጨምሩ። ከተሠራ በኋላም አንድ ወር ያህል አየር ባለበት ቦታ ሳይነካ ይቀመጥ።

ወደ ውጭ ሲሸጥ ደግሞ ኑጋችን ሌላ መንገድ ይዟል። ወደ አሜሪካ የሚላከው በብዛት ለወፎች ነው። ሰዎች ቤታቸው ደጅ ላይ ለሚመጡ ትናንሽ ወፎች በመጋቢ ይሰቅሉላቸዋል። ኑግን የሚያጠቃ ክር የመሰለ ጥገኛ አረም አለ፤ የአረሙ ዘር ከኑጉ ጋር ተቀላቅሎ እንዳይገባባቸው ከመግባቱ በፊት በ120 ዲግሪ ገደማ ለ15 ደቂቃ ይሞቃል። ይህን ስሰማ ያስቆጨኛል። ወፍ ይብላ፣ ክፋት የለውም፤ ነገር ግን ከኩንታሉ ለይቶ ንጹሑን፣ የደረቀውን፣ ቀዝቃዛ ጭማቂውን በጠርሙስ አድርጎ ለቆዳ ቅባት የሚሸጥ የሴቶች ማኅበር በይፋግ ቢኖር፣ ከአንድ ጣሳ የሚገኘው ገንዘብ ሌላ ይሆን ነበር። ማሽን ቤቱ አለ፣ ገበያው አለ፣ አስፋልቱ ወደ ባሕር ዳርም ወደ ጎንደርም ይወስዳል። የሚጎድለው ንጽሕናን ጠብቆ፣ ከሌላ ዘይት ጋር ሳይቀላቅሉ፣ የተጨመቀበትን ቀን በላዩ ላይ መጻፍ ነው።

የመጨረሻው ነገር ስለ ንብ ነው። የብራዚል ለውዝ ዛፍ አበባው የተዘጋ ነው፤ የሚከፍቱት በአካል ትልልቅ የሆኑ የደን ንቦች ብቻ ናቸው። ደኑ ሲመነጠር ንቦቹ ይሄዳሉ፣ ዛፉም ቆሞ ፍሬ አይሰጥም። ኑግም እንደዚሁ በራሱ ብናኝ ዘር አይዝም፤ ከሌላ ተክል ብናኝ የሚያመጣለት ንብ ያስፈልገዋል። ንብ በበዛበት ማሳ አበባው በፍሬ ይሞላል፣ በሌለበት ገለባው ይበዛል። ለዚያውም ንቡ ባዶውን አይሄድም፤ በጥቅምትና በኅዳር የምንቆርጠው ማር ብዙው የኑግ ነው።

አሁን ችግሩ የተባይ መድኃኒት ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ሽምብራም የምታለሙ፣ የኑግ ማሳ ከጎናችሁ ካለ፣ አበባው ሳይረግፍ ቀን በፀሐይ አትርጩ፤ ንቧ ያኔ ሥራ ላይ ናት። የግድ ከሆነ ማታ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ነፋስ በሌለበት ይሁን። ከመርጨታችሁም በፊት ቀፎ ላለው ጎረቤታችሁ በዋዜማው ንገሩት፤ የቀፎውን አፍ ይዝጋ፣ ጠዋት ይከፍተዋል።